የማይሰበሰብ

ዲሴምበር ሊወጣ ሦስት ሰዓት ሲቀረው፣
ፔኒሽ ወደብ ላይ ዝናብ ነው።
የገመድና የመረብ ሱቃችን ከተዘጋ ቆይቷል፤
አለቃዬ አቢሊዮም ‹‹ለነገ ይደር›› ብሎ ሄዷል።
አያድርም። ነገ ሌላ ዓመት ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ወንበር፤
ያኔ በእርሳስ ነበር፣ በላጲስ ነበር።
አሁን ስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ሰማያዊ ቁልፍ
‹‹ዓመቱን ዝጊ›› ይላል።
ቆይ፣ አልኩት፤ የቤት በር እንኳ ሲዘጋ
ውጭ የቀረ ሰው አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል።

መጀመሪያ ባንኩን ማስታረቅ።
የኔ መዝገብና የባንኩ ወረቀት
ለአርባ ሰባት ዩሮ ተኳርፈው፣
እንደ ድንበርተኛ ጀርባ ተሰጣጥተው፤
ሽማግሌ ሆኜ መካከል ተቀመጥኩ፣
ሻዬ እስኪበርድ ድረስ ሁለቱንም ሰማሁ።
ለካ ኦክቶበር ላይ ለመስታወት ገጣሚው የሰጠነው ቼክ
ከሱሪው ጋር ታጥቦ፣ ኪሱ ውስጥ ገንፎ ሆኖ ኖሯል!
ታረቁ። ካሳ የለም።

ቆጠራው ትናንት አልቋል። ማርሲያኖ መሰላል ላይ፣ እኔ ከታች፦
ናይለን ገመድ፣ ሠላሳ ጥቅል፤
ተንሳፋፊ፣ ሁለት መቶ ስድስት፤
መንጠቆ፣ በኪሎ፤
አይጥ የቀመሰውን አንድ መረብ
‹‹ልዩ ልዩ›› ውስጥ ጣልነው።

ቀጥሎ የእርጅና ቅናሽ።
ገመድ መቁረጫው በየዓመቱ ሃያ በመቶ ያረጃል፤
ዘንድሮ አምስተኛው ነው፣ ዋጋው ዜሮ ገብቷል።
እሱ ግን ማን ነግሮት! ጠዋት ጠዋት ያጓራል፣
ዜሮነቱን ሳያውቅ ገመድ ይቆርጣል።
ጉልበቴን በእጄ ዳበስኩ፤
የራሴን መቶኛ ሳላሰላ አለፍኩ።

‹‹ተከፋይ›› በሚለው ዓምድ ሥር
ፋብሪካው አለ፣ የመብራት ቢል አለ፤
የተከፋ ሰው ግን የት እንደሚጻፍ
ፕሮግራሙን የሠራው ልጅ አላሰበበትም።

ከዚያ ‹‹ተሰብሳቢ››። ጣቴ እዚህ ቆመ።
ዜፌሪኖ ካላዶ።
አንድ የሰርዲን መረብ፣ ሁለት ጥቅል ገመድ፣
ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ዩሮ፤
ፌብሩዋሪ ላይ ወሰደ፣
‹‹ዓሣው ሲገባ እከፍላለሁ›› ብሎ።
ማርች ላይ ጀልባዋ ገባች፣ ባዶዋን፣
እኛው በሸጥነው ገመድ ተጎትታ።
ባሕሩ ኮፍያውን መለሰ። አንድ እግር ቦቲም መለሰ።
እሱን አልመለሰም።

ፕሮግራሙ ቢጫ መስኮት ከፈተ፦
‹‹ይህ ሂሳብ የማይሰበሰብ ነው?››
ጠላቂ ዘጠኝ ቀን የገባለት፣
ሚስቱ ዓለት ላይ ቆማ ባትሪ ያበራችለት፤
አዎ፣ አይደለም፤
ሁለት ቁልፍ፣ እኩል ስፋት።

ግራሲንዳ ከኤፕሪል ጀምሮ በየወሩ ሃያ ዩሮ ታመጣለች፣
የዓሣ ቅርፊት የተጣበቀበት ኖት፤
‹‹ደረሰኙን በሱ ስም›› ትላለች።
ባለፈው አቢሊዮ አፍሮ ‹‹ይቅር፣ እንሰርዘዋለን›› ቢላት
እርጥብ እጇን ባንኮኒው ላይ አሳረፈች፦
‹‹አትሰርዙት።
ዕዳ ያለበት ሰው ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል፤
ዕዳ የሌለበትን ማን ይጠብቅልኛል?››

‹‹አይደለም›› የሚለውን ተጫንኩ።
የቀረው፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት ዩሮ፣
ወደሚቀጥለው ዓመት ይዛወር።
ጃንዋሪ ላይ ኦዲተሩ ቅንድቡን ያነሳል።
ያንሳ።

ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ።
‹‹ከዘጋሽ በኋላ መመለስ የለም›› አለኝ፤
አውቃለሁ አልኩት፣ ዘጋሁ።
ከወደቡ በኩል ጀልባዎች ጡሩንባ ነፉ።
ለእያንዳንዱ ወር አንድ ዘቢብ ነው ልማዳችን፣
አሥራ ሁለት በናፕኪን ጠቅልዬ ነበር።
ሦስተኛዋን አልበላኋትም።

አዲሱ ዓመት ስክሪኑ ላይ ተከፈተ፣ ነጭ።
ገቢ፣ ዜሮ፤
ወጪ፣ ዜሮ፤
ዜፌሪኖ ካላዶ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ሁለት።