አጥር

ሄስተር ኦሊፋንት፣ ካሩ በረሃ ላይ፣
ስልክና ሬዲዮን በሚጾመው ሰማይ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጆሮዋን ሰጥታ
አንድም አልሰማችም የባዕድ ሰላምታ።
አሁን የሚያዳምጠው ማሽኑ ነው ስለሷ፤
ወንበር ታሞቃለች እሷ።

ማክሰኞ ሌሊት፦ «ትክ፣ ትክ የሚል አለ፤
ሐሳብ ያለው ሠሪ ይመስለኛል» አለ።
ባትሪዋን ይዛ ወጥታ ስታስስ እስኪነጋ
አገኘችው ድምፁን ከፍሎሪስ በጎች ጋ፦
የኤሌክትሪክ አጥር፣ ሣር በነካው ቁጥር
ብልጭ የሚል ሽቦ፣ ማዶውን የማይነግር።

ማሽኑ «የሰው ነው» ብሎ መዝገቡን ዘጋ።

በጎቹ ተኝተዋል። አጥር መኖሩንም
እስኪነኩት ድረስ አንዱም አያውቀውም።
ሄስተር ቀና አለች፤ እጇን ዘረጋችው፤
ከዋክብቱ ጋ ሳይደርስ
መልሳ ሰበሰበችው፤

ይነዝር እንደሆን።