መሬት የነካ እጅ

ዉች ትባላለች ከተማችን፤ ትርጉሟም ጀልባ፤
ወንዟ ግን ድሮ ነው ከመንገድ ሥር የገባ።
እላይ ትራም ያልፋል፣ እታች ውሃ ይሄዳል፤
የማይታይ ነገር ሳይታይ ይነዳል።
ስለ ወንዝ እንዳይመስል የያዝሁት ወሬ፤
የኮምፒውተር ሆድ ነው የምከፍት ዛሬ።

የካቲት ነበረ፣ ውርጭ መስኮት የላሰው፣
ማሞቂያው አየሩን አድርቆ የጨረሰው።
ወይዘሮ ቦጉሚዋ ከሦስተኛው ፎቅ
ወርደው በሬን መቱ፣ በጡጫቸው ጠበቅ።
«ቪንቸንቲ፣ ካቻቢቴ ይዘህ ና» አሉ ጮክ ብለው፤
ጆሯቸው የቀረው ከፈትል ፋብሪካ ነው።

ማሽናቸው ዲዳ ሆኗል፤ ድምፁ ተቃጥሏል፤
ልጃቸው ካሊና ከበርገን ስትደውል
አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ቃሉ ግን ይጎድላል።
ከባውቲ ገበያ፣ ከአሮጌ ጫማ ጎን፣
ሳውንድ ካርድ ገዝተዋል ሳይኖረው ካርቶን።
«ለማይሰማ ጆሮ ድምፅ ምን ይረባል?»
አላልሁም፤ አሰብሁት። በሐሳብ ማን ይከሰሳል?

መጀመሪያ ዘጋሁት። ሶኬቱን ነቀልሁ።
የፊቱን ቁልፍ ደግሞ አንዴ ጫን አደረግሁ፣
ውስጡ የቀረች ትንፋሽ ትውጣለት ብዬ።
አንዲት ነጥብ መብራት፣ ጭል ያለች አረንጓዴ፣
ብልጭ ብላ ጠፋች። ሞተ አልሁ በሆዴ።
የጎኑን ክዳን ሳነሣው፣ የዘጠኝ ዓመት አቧራ፣
የድመት ጠጉር ሳይቀር፣ ተኝቷል በተራ።
እጄን ወደ ካርዱ ገና ስዘረጋ
«ቁም!» አሉ።

«ሹራብህን አውልቅ! ሱፍ ነው፤ ጫማህም ጎማ፤
ጣትህ ላይ መብረቅ አለ፣ ለጆሮ የማይሰማ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ክር ስጠብቅ ስኖር
እንዲህ ባለ ደረቅ ቀን፣ እንዲህ ባለ አየር፣
ይቆም ነበር ክሩ እንደ ተቆጣ ፀጉር።
ውሃ ከጣራው ሥር እንረጭ ነበር፤ ማሽኑን
በመዳብ ሰንሰለት አስረን፣ የያዘውን ቁጣውን
ለመሬት እንሰጣለን። መሬት ሁሉን ትውጣለች፤
ያልነካቻት ጣት ግን የነካችውን ትገድላለች።»

አወለቅሁ። የማሞቂያውን ቱቦ፣ ቀለሙ የተላጠበትን፣
ጨበጥሁ። ቷ! አለ። ነከሰኝ ጣቴን።
«አየኸው?» አሉ። ብልጭታውን ነበር ያዩት፤
ቷታውን አልሰሙም።

ከዚያማ በጥቅሻቸው ሠራሁ። ግራ እጄ
ከሣጥኑ ብረት ላይ ሳይነሣ፣ ካርዱን አንሥቼ
በጠርዙ ያዝሁት እንደ ፎቶ፣ ጣቴ እንዳያርፍበት፣
ወርቃማ ጥርሶቹን ላብ እንዳይነካበት።
የባዶውን መስኮት ክዳን ብረት ፈታሁ፤
ካርዱን ከስንጥቁ ፊት ለፊት አቀናሁ።
በሁለት አውራ ጣት፣ ግራና ቀኙን እኩል፣
ተጫንሁት። እምቢ አለ። ደገምሁ። «አትታገል!
ክር በጉልበት አይገባም በመርፌ ቀዳዳ፤
አውጣው፣ እየው፣ ጥረግ፣ እንደገና አሰናዳ።»
አወጣሁት። ስንጥቁ ውስጥ አንዲት የአቧራ ጉጥ።
እፍ ልላት ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ፤
እፍታ ምራቅ አለው። የቀለም ብሩሽ አቀበሉኝ።

ቀጭ! አለ። ገባ።
አንድ ብሎን አሠርሁ፤ ጥብቅ፣ ግን ሳልጨርሰው፤
ጥርሱ የተበላ ብሎን ማን ይመልሰው?

ክዳን። ሶኬት። ማብሪያ። ማሽኑ ተነሣ፤
ድምፅ ግን የለም። ደነገጥሁ። የዘነጋሁት አንሣ፣
የስፒከሩ ገመድ ነው፤ በአሮጌው ቀዳዳ ቀርቷል።
የቸኮለ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይረሳል።

ማታ ሁለት ሰዓት ካሊና ደወለች።
ወይዘሮ ቦጉሚዋ ስፒከሩ ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው፣
ዓይናቸውን ጨፍነው፣
ክር ሲሳሳ፣ ሊበጠስ ሲል፣ በእጃቸው ያውቁት እንደ ነበር፣
ቆዩ፣ ቆዩና
«ጉንፋን ይዟታል» አሉኝ። «ድምፅዋ ሻክሯል።»
ይዟት ነበር።

ያቺን ክዳን ብረት ልጥል ስል ቀሙኝ፤
«ካርዱ የወጣ ለታ መስኮቱ ምን ይሁን?» አሉኝ፤
ከኪሳቸው ከተቱ።
ወደ ቤቴ ወረድሁ፤ የደረጃውን ብረት
በየፎቁ ነካ፣ ነካ እያደረግሁት።