ጫጫታ የሚል ማኅደር

ኮዬ ፈጬ ነው ቤቴ፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት፣
ከጀርባዬ ኮንዶሚኒየም፣ ከፊቴ የጤፍ መሬት።
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብርድ ልብስ መስኮት ላይ ሰቅዬ፣
ማይኬን ካልሲ አልብሼ፣ የበሩን ሥር በፎጣ ከልዬ፣
ለማያዩ ልጆች አነባለሁ የአሥረኛ ክፍል ባዮሎጂ፤
በቀንማ የት ተችሎ! ሌሊት እንጂ።

ሌሊቱም ቢሆን አይተኛ፤
ጅቡ ከወንዝ ማዶ፣ የውሃ ሞተሩ ከምድር ቤት እንደ በሽተኛ፣
የጥበቃው ማንደፍሮ ሳል፣ አንዴ ከጀመረ የማያባራ፣
ከሁሉ ግን የገለታ መዶሻ፣ ከብሎኬት ማምረቻው ጋራ፤
መብራት ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ነው ለእሱ የሚመጣለት፣
ያኔ ይነሳል፣ ቅርጹን ይቀጠቅጣል፦ ኳ… ኳኳ… እስኪነጋለት።

ለእሱ ሲመጣ ለእኔ ይጠፋል። ግዴለም፣ ኪቦርዴ ይበራል።
ላፕቶፑ ስንት እጅ ያለፈ ነው፣ ከመርካቶ የመጣ፤
ነፃውን ሲስተም ስጭንበት የቁልፎቹ ብርሃን ታጣ፣
ከማላውቀው ሰው፣ ከማላውቀው አገር፣ ሠላሳ መስመር ኮድ አገኘሁ፣
አንዲት ቁጥር ቀየርኩ፤ በራ፤ ራሴን «ጎበዝ» ስል ሰማሁ።
የበቆሎ ጠባሽ ምድጃ የሚመስል ብርቱካን ብርሃን፣
የበራው ፊደል የእኔ ባይሆንም። «ሀ» የለችም፤ እሷን
ጣቴ ናት ቤቷን የምታውቅ።

ለድምፁም እንዲሁ። ከጫጫታ የሚያጠራ፣ በነፃ የተሰጠ፣
ኮዱ እንደ ግቢ በር ወለል ያለ።
ጫንኩት። ጅቡ ጠፋ። ሞተሩ ጠፋ። መዶሻው ጸጥ፤
ድፍን ኮዬ ፈጬ እንደ ጋቢ ታጥፎ ገባ ሳጥን ውስጥ።
ስድስት ምዕራፍ አንብቤ ላክሁ፤ ተኛሁ።

በማግሥቱ ትርሲት ከሰበታ ደወለች፣ ሳቋን እየዋጠች፦
«እቴ፣ ‹ቀ› የት ሄደች?
‹ቅጠል› ስትይ ‹እ…አል› ይላል፤
‹ጥቅም› ብለሽ ‹እ…እም›፤ ‹ጭማቂ›ውንስ ተይው።
ልጆቹ ‹ጥርሷ የወለቀ መምህርት› ብለውሻል።»

ገባኝ። ያሳደጉት ሰዎች ሩቅ ናቸው፣ በአፋቸው «ጠ» የለችም፤
«ቀ» ሲሰማ ቁልፍ የተጫኑ መሰለው፣
«ጨ» ሲሰማ ክብሪት የጫሩ፣ «ጰ» ሲሰማ ቡሽ የነቀሉ።
ክፋት የለበትም። ሰምቶን አያውቅም፣ በቃ።

ግን ክፍት ነው። የተከፈተን በር ማን ይከሳል? ይገቡበታል እንጂ።
ሁለት ማኅደር አበጀሁ፤ አንዱን «ድምፅ»፣ አንዱን «ጫጫታ» አልኩ።
ማንደፍሮ ጉሮሮውን ጠርጎ «ጠጠር፣ ቀጠሮ፣ ጨጨብሳ» አለ፤
የሦስተኛ ፎቋ ዘርፌ «ጳጉሜ» ብላ ሳቀች፣ ደገመች፤
ናርዶስ፣ የፊት ጥርሷ የወለቀው፣ «ጸሐይ»ን ከነፉጨቷ ሰጠችኝ፣
ፉጨቷንም አልጣልኩም።

ለጫጫታው ስልኬን ይዤ ወረድኩ፤
ጅቡን ከአጥር፣ ሞተሩን ከበር፣
መዶሻውን ከገለታ እግር ሥር፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ።

ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠረገ።
«የእኔን የት ከተትሽው?»
ልዋሽ ነበር። «ጫጫታ ውስጥ» አልኩት።
መዶሻውን ገለበጠ፣ እጀታውን አየ።
«እንግዲህ ይሄ ጫጫታ የሦስት ልጅ ደብተር ነው» አለ፣
«ያንቺም ግድግዳ ከዚሁ ነው የወጣው።»
አላኮረፈም። ቀጣዩን ብሎኬት አወጣ።

ሦስት ሌሊት ላፕቶፑ አቃሰተ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ እያጓራ፤
በአራተኛው ቅጠል ቅጠል ሆነች፣ ከነጥቅሟ፣ ከነጭማቂዋ ጋራ።
በነፃ የወሰድኩትን በነፃ መልሼ አኖርኩት፣
«ጠ» ያለው ሁሉ ይውሰደው ብዬ።

አንዲት ቁጥር ቀረች፣ ጫጫታው ምን ያህል ይጥፋ የምትል፤
መቶ ላይ ነበረች። እጄ ዘጠና ላይ ተዋት።

ትርሲት ትናንት ደወለች። «ከኋላሽ የሚመታ ነገር አለ፣ ሩቅ።»
«አውቃለሁ። ላጥፋው?»
«ተይው፤ ልጆቹ መቁጠር ጀምረዋል፤
በምዕራፍ ሰባት ብቻ ስልሳ አንድ ብሎኬት።»