ረቡዕ

ሐምቡርግ ጣቢያው ላይ፣ ከባቡሩ ወርጄ፣
ሻንጣዬን በግራ፣ ስልኬን በቀኝ እጄ፣
መዓት መውጫ አለው፤ የቱ ነው የኔ በር?
የሰው ጎርፍ ሲገፋኝ፣ እኔም ስገፈተር፣
ይቅርታ ያልኳት ሴት፣ ውሻዋን አስቀድማ
አለፈች በጥድፊያ፣ ድምፄንም ሳትሰማ።

ጉልላት የቀጠረኝ፣ ከትልቋ ሰዓት ታች፤
እንደ ጨረቃ ሞልታ፣ ጣራው ስር ተሰቅላለች።
ያ የጥንቱ ጉልላት፣ ደወል የማይገደው፣
ፈተና ተጀምሮ፣ ፊቱን የሚታጠበው፣
ቆሞ አገኘሁት፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ፤
"ሰባት ደቂቃ" አለኝ፣ "ዘገየህ፣ አይደል ወይ?"

ምን እንደምል ጠፋኝ። ምናሴ ከኋላ
አንገቴን አቅፎ ያዘኝ፣ ዳቦ እየበላ።
ድሮም አፉ ሥራ አይፈታም።

ወደቡን አሳዩኝ። መርከብ ቆሟል ከፍ ብሎ፣
አንድ ሰፈር ሙሉ፣ ጀርባው ላይ አዝሎ።
የምናሴን ወረቀት፣ የጉልላትን ትዳር፣
እንደሚያም ጥርስ አለፍነው፣ ዳር ዳሩን ስንዞር።
የወንዙ ንፋስ ግን፣ ሸሚዜን ሰንጥቆ
አጥንቴ ውስጥ ገባ፣ ሳያንኳኳ ዘልቆ።

ዶርም ሳለን አንድ ኮት፣ ለሦስት ነበረን፤
ክርኑ የነተበ፣ ቀን የተመደበልን።
ሰኞ የጉልላት ነው፣ ማክሰኞ የምናሴ፤
ረቡዕ ብርድ ቢጠፋም፣ ኮቱ ነው የራሴ።

ጉልላት ካፖርቱን፣ አውልቆ አለበሰኝ።
"ዛሬ ቀኑ ማነው?"
"ቅዳሜ" አልኩት፣ ብርዱ እያንቀጠቀጠኝ።
"ተሳስተሃል" አለ፣
ቁልፉን እየቆለፈልኝ፣
"ረቡዕ ነው።"