ሰባተኛው ባልዲ

ነዚፍ ሰዓት አዳሹ፣ ሒርማታ፣ ከሱቁ ደጅ፣
አሸዋ ያጥባል ዛሬ፤ አበደ ይላል ወዳጅ።
«ለግንብ ነው?» ይሉታል። «ለሣር ነው» ይላቸዋል፤
ከአወይቱ የዛቀውን በእጁ ያማስለዋል።
አንደኛው ባልዲ ጭቃ፣ አራተኛው ሻይ በወተት፣
ሰባተኛው ላይ ጣቱን አየበት።

መስታወቱን ሞላው። ተከለ። በማግስቱ
ተንሳፍፎ ተቀበለው፣ ሥሩን ሰቅሎ፣ አትክልቱ።
«አሸዋ ምን ያበላል?» አለች ቀመሪያ ልጁ፤
የሸክላ አፈር ድቡልቡል አኖረች በእጁ።
ቀበረው። ጠጠር ጫነ። ጠበቀ፣
ሰዓት እንደሚፈታ ሰው፣ ትንፋሹን እንደደበቀ።

ክረምቱ ገባ። መብራት ሄደ፣ መጣ።
አንድ ጠዋት በመስታወቱ ጎን ነጭ ክር ወጣ፣
ከፀጉር የቀጠነ፣ ወደ ታች የሚወርድ፣
በአሸዋው ቅንጣት መሐል የሚሰነጥቅ መንገድ።

«ሰዓቴስ?» አለ ደንበኛ።
«ቆሟል» አለው፣ ዓይኑን ሳይነቅል፤
«ይኸኛው ግን ይሄዳል።»