ማንኪያ መቅዘፊያ ነው

በማቶንዶኒ መንደር፣ ከላሙ ደሴት ጀርባ፣
ልጅ በእግሩ ሳይቆም ነው ጀልባ ውስጥ የሚገባ።
አርባ ሁለት መርከብ በዚያ ፋማው ጠርቦ ያቆመ፣
አንድ ማለዳ ሲነሣ አፉ በአንድ በኩል ጠመመ፤
ቀኝ እጁ እንደ ረጠበ ሸራ ተንጠለጠለ፣
«ሙዋናጁማ» ሊል ፈልጎ ሚስቱን «መልሕቅ» አለ።
በሥልሳ ዓመት ትዳር ጠርቷት አያውቅም በዚህ ስም፤
ቆማ አየችው፤ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም።

ከሞምባሳ የመጣች ነርስ የሥዕል ካርዶች ዘርግታ፣
እንደ ሕፃን ጠየቀችው፣ ለስለስ ባለች ፈገግታ።
«ይኼ ምንድን ነው፣ ባባ?» ማንኪያ ነበር ያሳየችው።
«መቅዘፊያ» አላት። ቀይ ብዕር አንሥታ «ስሕተት» አለችው።
በሩን፣ «ኦሞ»፤ የመርከብ ግንባር፣ ማዕበል የሚሰነጥቀው፤
ጣራውን፣ «ታንጋ»፤ ሸራ። ወለሉን፣ «ንጋማ» ነው፤
ከሆድ ሁሉ የታችኛው፣ የሰረገ ውሃ የሚያድረው።
ስሕተትማ አልነበረም፤
ቤቱ ነው የተንቀሳቀሰው።

ጠያቂ ሲመጣ ደግሞ በመርከብ ዓይነት ይለያል፤
ወፍራሙን ጎረቤት «ጃሃዚ»፣ ባለ ሰፊ ሆድ፣ የጭነት፣ ይለዋል፤
በሁለት ክራንች የመጣ ወንድሙን «ንጋላዋ» ብሎታል፤
ግራ ቀኝ እንጨት የታሰረላት ታንኳ፣ እንዳትገለበጥ።
ወንድሙ እስኪያለቅስ ስቋል።

እሷ የባሕር ሰው አይደለችም፤ ከመርከብ ሁሉ የምታውቀው
ገመዱን ነው፤ የኮኮናት ልጥ ጭቃ ውስጥ ቀብራ የምታቆየው፣
ስድስት ወር ሲሞላ አውጥታ በዱላ የምትደበድበው፣
ጭኗ ላይ ፈትላ ፈትላ፣ ቆዳዋ እስኪላጥ የምትገምደው።
ገመድ መርከብ ላይ ሲወጣ አዲስ ስም እንደሚቀበል
ማን ነገራት? ሄንዛ አለ፣ አግድሙን ግንድ የሚሰቅል፤
ዴማኒ አለ፣ የሸራውን ጥግ ይዞ ከነፋስ የሚታገል።
ሁሉንም የፈተለች እሷ፣
አንዱን እንኳ በስሙ መጥራት ሳትችል።

ሌሊት ሌሊት «ጎሺ! ጎሺ!» ይላል፣ ግድግዳውን እየቧጠጠ፤
እሷ ትራስ ትደርባለች፣ ውሃ ታቀርባለች፤ ምንም አልተለወጠ።
የልጅ ልጇን ሼኩዌን ጠራች፤ ቱሪስት ያመላልሳል በሞተር።
«አያትህ ‹ጎሺ› ይላል፣ ምንድን ነው?»
«እንጃ አያቴ፤ የድሮ ነገር።»

ምርኩዟን ይዛ ወረደች ኮምቦ ወዳለበት ዳርቻ፤
ጥጥ በሻርክ ዘይት ነክሮ ስንጥቅ ይደፍናል፣ እሱ ብቻ።
«ልጠይቅህ፤ እንዳትስቅ።»
«አልስቅም» አለ፤ ሳቀ።
ጎሺ፣ ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ነው። ልቧ ደነገጠ፣ ዐወቀ፤
መስኮቱ ነበር! ሰባት ሌሊት የኩሲ ነፋስ ሲመታው ነው የማቀቀ።

እያነከሰች ሄዳ ዘጋችው። ፋማው ዓይኑን ጨፈነ፤
«ዴማኒ ይላላ» አለ፤ የኪኮዩን ቋጠሮ ፈታችለት፣ ተዝናነ።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ወደ ዳርቻው ትወርዳለች፤
አንድ ቃል ለምሳ፣ አንድ ቃል ለራት፣ እንደ ዓሣ ገዝታ ትመለሳለች።
ነርሷ በወሩ መጥታ «መሻሻል የለም» ብላ ጻፈች።
ሙዋናጁማ ማንኪያውን ከገንፎው አንሥታ፣
«መቅዘፊያ ነው፣ ልጄ፤ አስተካክዪው» አለች።

አንድ ቃል ብቻ ቀርቷል፣ ኮምቦን ያልጠየቀችው፤
ማታ ማታ «መልሕቅ» ሲላት «አለሁ» ነው የምትለው።
ጭቃ ውስጥ ወርዶ የሚቆይ ነገር ምን እንደሚመስል
ጣቶቿ ያውቁታል፤
ገና ልጥ ሳለ፣ ገመድ ሳይባል።