ሦስት ከሰባት

ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተማርሁ፣
በኮረብታው ትምህርት ቤት ጠመኔ አደቀቅሁ፤
ቫልፓራይሶ ላይ፣ ወደቡ ከታች፣
መርከቡ ሲያጓራ እኔም ከላይ ጮህሁ።

እጅ ያወጣ ሁሉ የኔ ልጅ ነበረ፣
ቀድሞ የጮኸ ልጅ ቀድሞ ተከበረ፤
ሲሳሳትም እንኳ «ድፍረትህ!» እያልሁ
በቀይ እስክሪብቶ ስድስቱን አደልሁ።

በመስኮቱ በኩል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ማይቴ ኦያርሱን፤ ዓይኗ ከባሕር ሰማይ
አንዳች ነገር ቆጥሮ የሚመለስ መሳይ።
ደብተሯ ሙሉ ነው፣ አፏ ግን አይከፈት፤
ፈተናዋን ሳርም ስሕተት የማጣባት።

እኔ ግን በካርዷ፣ በዓመቱ መጨረሻ፣
«ጎበዝ ናት» አልሁና ከሥሩ ማስታወሻ፦
«አትናገርም። ተሳትፎ፦ ሦስት ከሰባት።»
አራት ነው ማለፊያው። አውቄ ነው የጣልኋት።

ዘንድሮ ስልሳ ዘጠኝ ደፈንሁ። ጆሮዬ
ለባለቤቱ ባዳ መሆኑ ተረት ሲመስለኝ፣
ከገዛ ቤቴ ውስጥ የልጅ ልጄ ቃል ጠፋኝ።
ራየን ትባላለች፣ በሹክሹክታ ታወራለች፤
«ጮክ በይ!» ስላት ጊዜ ጭራሽ ትተዋለች።

ከወደቡ ጥግ ካለው ክሊኒክ ሄድሁ።
ጸሐፊዋ ዶንያ ኤልሲራ፣ ወረፋው ሲረዝምብኝ አይታ፣
ጠጋ አለችና አጫወተችኝ፦
«ያኛው ባለሙያ አፈ ጮሌ ነው፣
በሰባት ደቂቃ እያሳቀ ይሸኛል፤
የገጠመው መሣሪያ ግን በወሩ መሳቢያ ይገባል።
የዚችኛዋ ወረፋ ያሰለቻል፤
የገጠመችው ግን ጆሮ ላይ ይውላል፣ ያድራል።»

በሩ ተከፈተ። ነጭ ጋውን ለብሳ
ማን ብትሆን ጥሩ? ማይቴ። በጆሮዋ ዳር ሽበት፤
ያው የመስኮቱ አንገት፣ ያው የጥንቱ ጸጥታ።
«ዶን ኤቫሪስቶ» አለች፤ አለቀ ሰላምታ።

ድምፅ ከማይዘልቀው ጠባብ ሳጥን ገባሁ፣
ማዳመጫ ደፋሁ፣ ቁልፍ በእጄ ያዝሁ።
«ሲሰሙ ብቻ ነው የሚጫኑት» አለችኝ።
ከዚያ ዝም። ዝም። ዝምታው አፈነኝ።
እኔ ዝም ያለ ክፍል መቼ ችዬ አውቅና!
ሳልሰማ ተጫንሁት። ደግሜ። እንደገና።
መልሱን ሳያውቀው እጁን እንደሚያወጣ፣
ስድስት እንደምሰጠው እንደዚያ ቀልማዳ።

አልሳቀችም። አላረመችኝም።
በመስታወቱ ማዶ ጠበቀች፤ አልቸኮለችም።
ጣቴ አፍሮ ነው መሰል መዋሸቱን ተወ።
ቆይቶ፣ ከሩቅ፣ ከውኃ ሥር እንደሚወጣ፣
አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ እንደ መርፌ ጫፍ መጣች፤
እሷን ተጫንሁ። ማይቴ ራሷን ነቀነቀች።

ስንጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦
«የማን ድምፅ ነው የናፈቀዎ?»
እስከዚያ ቀን ማንም እንዲህ ብሎ አልጠየቀኝም።
ስለ ራየን ነገርኋት። ጻፈች። መሣሪያውን
እንደ ሰዓት ሠሪ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አስተካከለች፣
ለሹክሹክታ ልክ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ትንፋሽ።

አላስቻለኝም። «ማይቴ፣ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

ወዲያው አልመለሰችም። (በዚህ ዕድሜዬ ቻልሁት።)
«አስብ ነበር» አለች። «መልሴ ሲደርስልኝ
ደወሉ ይደወል ነበር።»

«ሰባት ይገባሽ ነበር» ልል አፌን ከፈትሁ፤
እሱም ጩኸት መስሎ ታየኝና ዘጋሁ።

ማርኩን ልፍቀው ብዬ ዳገቱን ብወጣም
መዝገቡ ነድዷል፣ ኮረብታው ሲቃጠል፤
ያቺ ሦስት የምትኖር እኔው ውስጥ ነው እንጂ የትም።

ማታ ከራየን ጋር ደረጃው ላይ ተቀመጥን።
ስለ አንድ ጉንዳን ልትነግረኝ ጀመረች፤
መሐል ላይ ቆም አለች፣ ቃል ፍለጋ ሄደች።
ከታች መርከብ አጓራ፣ አለፈ።
«እሺ፣ ከዚያስ?» ምላሴ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ።

ጠበቅሁ።
እዚህ ደወል የለም።